የሀኒያ ቦታ

ሀኒያ የሐይቅ ልጅ ናት፤ የዓሣ አስጋሪ ልጅ። ታላቅ እህቷ ሙጂባ ከጅዳ በደወለች ቁጥር፣ «አንቺ ብቻ ተመረቂ፣ ውጫሌ ላይ መድኃኒት ቤት እከፍትልሻለሁ» ትላታለች። የፋርማሲ ትምህርታችን ወደ ማለቂያው ሲደርስ ለልምምድ ሆስፒታል ገባን። የተመደብነው መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት ሳይሆን ሕሙማን በተኙበት ክፍል ነበር።

አብዛኞቻችን ጠላነው። ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ እኛ ከኋላ እንቆማለን፤ የሚጠይቀን የለም። «መስኮቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ወንበር አለው» ይላል ካሊድ።

ሀኒያ ግን ሕሙማኑን ታናግር ነበር።

ረመዳን ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የመጡት ገበሬ፣ አባባ ኡበይድ፣ ካፈጠሩ በኋላ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ተኝተዋል። ሐኪሙ ጾሙን እንዲተዉ ነገራቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

ሐኪሙ አለፈ፤ ሀኒያ ቀረች። እንዲህ ያለውን ኢንሻአላህ ከቤቷ ታውቀዋለች። እምቢ ማለት ነው።

«አባባ፣ የደም ግፊቱን ኪኒን መቼ መቼ ነው የሚውጡት?»

«አንቺ ደሞ ማነሽ? ዶክተር ነሽ?»

«የመድኃኒት ተማሪ ነኝ።»

«እ! ሻጭ ነሻ!»

«እስካሁን ምን ሸጥኩልዎ?»

ሳቁ። ከዚያ ኮራ ብለው፣ «እኔ አንዱንም አላስቀርም። የጧቱንም የቀኑንም አቆይና ሳፈጥር ሦስቱንም ባንዴ ነው» አሏት።

በማግስቱ ሐኪሙ አልጋው ጋ ሲደርስ ሀኒያ ተናገረች። «ዶክተር፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ ቢታዘዝላቸውስ?»

«ጾሙን ይተዉ ብያለሁ። አንቺ ወደ መስኮትሽ!»

ካሊድ ጋዋኗን ጎተተ። ንቅንቅ አላለችም።

«አይተዉም። ይጾማሉ፣ ሦስቱንም ባንዴ ይውጣሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ።»

ሐኪሙ ወደ አልጋው ዞረ። «እውነት ነው?»

«ወላሂ እጾማለሁ» አሉ አባባ ኡበይድ።

ኪኒኑ ተለወጠ። ሐኪሙ ግን ለአስተማሪያችን ከሰሳት፤ ከነገ ጀምሮ መስኮቱ ላይ እንድትሠራ ታዘዘች።

በነጋታው ከሁላችን ቀድማ አባባ ኡበይድ ራስጌ ቆማ አገኘናት።

«መስኮት አልተባልሽም?» አላት አስተማሪያችን።

«ተብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ኪኒናቸው ትናንት ተለወጠ። ግፊታቸው ምን እንደሆነ ሳላይ የት እሄዳለሁ? ከፈለጉ ማርኬን ይቁረጡ።»

ሐኪሙ ገባ። ሀኒያን አያት፤ አልጋው ጋ ቆመ፣ የግፊቱን ልክ አነበበ፣ «ተስተካክሏል» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ሀኒያም ተከትላው ሄደች።