በሄል ጆንያ ላይ የተገኘው ገጽ

በየዓመቱ አዲስ ደብተር ገዝቼ መጽሐፍ መጻፍ እጀምራለሁ፤ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን አልፌ አላውቅም። ዛሬም ደብተሬን ይዤ በቀፊራ ገበያ ሳልፍ የሄል ሽታ አቆመኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ የውሎ ማስታወሻዬ ያለቀ የትምህርት ደብተር መስሏት፣ ቅመም ለሚሸጡት ጎረቤታችን ለአዴ ፋጡማ መጠቅለያ እንዲሆን ሰጠቻቸው። ቀፊራ ሮጬ ስደርስ የቀረው አንድ ገጽ ነበር።

"አቦ አታልቅሺ፤ ይቺን አስቀርቼልሻለሁ" አሉኝ ገጹን ከሄሉ ጆንያ ላይ አንስተው። "ልጄ አነበበችልኝ። 'አባዬ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ' ይላል። ከዚያስ? ምን አለሽ?"

ማልቀሴን ትቼ ለማስታወስ ሞከርኩ። አባዬ ሄዶ ከቀረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበርና አልመጣልኝም።

ዛሬም አዲሱን ደብተር ከፍቼ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ "ዞር ብሎ" የሚለው ላይ ቆሜያለሁ። አዴ ፋጡማ አሁንም በጆሮዬ "ከዚያስ?" ይሉኛል።