የጠዋትና የከሰዓት ሹራብ

ጳጉሜ ሲገባ ሱቄ ካውያ ባረፈበት አዲስ ቴትሮን ሽታ ይታፈናል። የዲላ ወላጅ ለልጁ ዩኒፎርም ሊያሰፋ ይሰለፋል፤ እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ትከሻ ስለካ እውላለሁ። ሰሞኑን ለወጣት ነጋዴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የስኬቴን ምስጢር ሲጠይቁኝ «መማርና መጣር» አልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። ይህ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ልጅነቴ ውስጥ አልነበረም፤ የእኔ ዩኒፎርም የሚሸተው እህቴን ነበር።

እኔና ማርታ አንድ የዩኒፎርም ሹራብ ነበረን። በሁለት ዓመት ብትበልጠኝም፣ እናታችን ብቻዋን መላክ ፈርታ እኔ እስክደርስ ስላቆየቻት ትምህርት የጀመርነው አብረን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ፈረቃችንን ለያየው፤ የእሷ ጠዋት፣ የእኔ ከሰዓት ሆነ። እኩለ ቀን ላይ ጓሯችን እንሰት መሀል ገብተን እንለዋወጣለን፤ ሹራቡ በበጋ ላቧን እንደያዘ ሞቆ፣ ዝናብ ሲጥል ረጥቦ ይደርሰኛል። ጎረቤቶቻችን «ከእናንተ ይልቅ የተማረው ሹራቡ ነው፤ ሁለት ፈረቃ ይገባል» እያሉ ይስቁብን ነበር። ማርታ ጠዋት የተማረችውን እያወለቀች ስለምትነግረኝ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ጎበዝ እባላለሁ። ክፍልፋይን ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ሙዝ እየቆረሰች፣ ትልቁን ቁራጭ ራሷ እየበላች።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ ፈረቃ ቀረ፤ ሁሉም ጠዋት ይፈተናል፣ ያለ ዩኒፎርም በር አይታለፍም ተባለ። እናታችን ከቡና ለቀማ የምታገኘው ሌላ ለማሰፋት አይበቃም፤ ልዋስ ብላ ጎረቤት ብትዞር ለእኛ ልክ የሚሆነው ሁሉ የተፈታኝ ነው፣ የቀረው የትንንሽ ልጆች ነው። በዋዜማው ጸለየችና አንድ የቡና ፍሬ በአንዱ ጭብጧ ደብቃ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችልን።

«ዕጣ አያዳላም፤ ማናችሁም እንዳትከፉ» አለች።

ማርታ ታላቅ ናትና ቀድማ መረጠች። ባዶ ነበር። እኔም ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም፤ ሹራቡን አጥፌ ትራሴ ሥር አደረግሁት።

በማግስቱ ማርታ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይራራ ይሆናል ብላ ስክሪብቶዋን ይዛ እስከ በሩ አብራኝ መጣች። አልራራም። ስወጣ አጥሩ ሥር ቆማ አገኘኋት፤ መንገዱን ሙሉ እኔ ጥያቄ እየነገርኳት፣ እሷ እየመለሰች ሄድን።

«ለከርሞ እፈተናለሁ» አለች።

ከርሞ ሲመጣ እናታችን ወገቧን ታመመችና ማርታ በእሷ ቦታ ለቀማ ገባች፤ ከዚያ አገባች። እኔ አለፍኩ፣ አሥረኛን ጨረስኩ፣ ስፌት ሠለጠንኩ፤ ለሱቁ ብድር ስጠይቅ የሙያ ማስረጃ አምጪ አሉኝ፣ ነበረኝ።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማርታ ቤት ሻይ ስንጠጣ ያንን ፈተና አነሳሁባት። ልጆቿ ከበውናል።

«ኧረ ተይኝ! እኔ ድሮም ትምህርት አልወድም ነበር። ደብተር ሳይ ራሴን ያመኝ ነበር» አለች፤ ልጆቿም ሳቁባት።

ላስተባብል ስል ዓይኗን አየሁትና ተውኩት። ሊያስለቅሰኝ ይገባ ነበር፤ እንባው ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም፤ ሻይዬን ጨረስኩ። ልጆቹ እናታቸው ጠልታ የተወችው ይመስላቸዋል፤ እሷም ደጋግማ ስትለው ሳታምነው አልቀረችም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያቺን ጎበዝ ልጅ የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ።