አባቴ እንደገና የገነቡት ግድግዳ

ከአገሬ በወጣሁበት ምሽት አባቴ ሻንጣዬን ከታክሲው አወረዱ፣ ግንባሬን ስመው በዚያው ታክሲ ተመለሱ። የተጣደፉት ለቤቱ ሰግተው ነበር። ወጣት ግንበኛ ሳሉ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርበው ያቆሙትን፣ እያከራዩ እኛን ያሳደጉበትን ቤት ደርግ ትርፍ ነው ብሎ ወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት አድርጎት ነበር። እኛ ከጓሮው ባለችው ሰርቪስ ነበርን። ያን ሰሞን ደግሞ ሊያፈርሱትና በቦታው የስብሰባ አዳራሽ ሊሠሩ ነው ይባል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሮም የመጣሁት ለእንጀራዬ ብቻ አይደለም። ቤቱ ሲፈርስ ቆመው እንዳያዩ አባቴን ቀድሜ ላስወጣቸው ነበር።

ጡረታ የወጡ አንድ ፕሮፌሶሬ ቤት ተቀጠርኩ። ደግ ሰው ናቸው፣ ምግባቸው ግን ጣዕም የለውም፤ አንዲት ቁንጥር በርበሬ ጣል ባደርግ ሐኪም ሊያስጠሩ ይደርሳሉ። የዚህ አገር ዝናብም እንደኛ ሐምሌ ጮኾ አይወጣለትም፣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቃቅስ ይውላል። ዓይናቸው ስለደከመ፣ በመነኮሳት ትምህርት ቤት በተማርኩት ጣልያንኛ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። የሚጽፉት ስለ ሜክሲኮ ታሪክ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሐይቅ ላይ የተሠራች ከተማ ሥዕል አሳዩኝ። ቴኖችቲትላን ትባላለች፣ የጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች፣ የአዝቴኮች ናት። እስፓኞሎቹ ድል አድርገው አፈረሷትና እላይዋ ላይ የራሳቸውን ዋና ከተማ ሠሩ።

«ማን ሠራላቸው?» አልኳቸው።

«የተሸነፉት ናቸዋ! ቤተ መቅደሳቸውን በገዛ እጃቸው አፍርሰው፣ በዚያው ድንጋይ ለገዢዎቻቸው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠሩ። ስንቃቸውን እንኳ ከቤታቸው ይዘው ነበር የሚመጡት።»

«ግንበኞቹ ታዲያ የትኛው ድንጋይ ከየት እንደፈረሰ ያውቁ ነበር?»

ፈገግ አሉ። «አሎራ፣ እንግዲህ ሲኞሪና፣ ይህን የጻፈ የለም።»

እኔ ፈገግ አላልኩም። አባቴ እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቁታል። ይኼ ከእንጦጦ ሥር የመጣው ነው፣ ይኼ ጣቴን ያደቀቀኝ ነው ይላሉ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ለአባቴ ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ቢሮው ሄድኩ።

«የአባትሽ ሥራ?» አለኝ ሹሙ።

«ግንበኛ።»

«ሮም ፍርስራሹም ግንበኛውም ሞልቷል። እዚያ ቤት አላቸው?»

«ተወርሷል። አሁን ደግሞ ሊፈርስ ነው።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ሲፈርስ ከማዘጋጃ ቤታቸው ማረጋገጫ ያምጡ።»

«የሚያፈርሱባቸው እኮ እነዚያው ባለሥልጣኖች ናቸው!»

«እንግዲያው ማረጋገጥ አይቸግራቸውም» ብሎ ቀጣዩን ተራ ጠራ።

ሦስት ወር ያህል ሳንደዋወል ቆይተን፣ ቅዳሜ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ካለው ስልክ ቤት ደወልኩ። እናቴ በቀጠሯችን ጎረቤት ቤት ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እናቴ የሰላምታ ሰው ናት፣ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ደህና መሆናቸውን ሳትነግረኝ ወሬ አትጀምርም። ያን ቀን ግን ስሜን እንኳ አልጠራችም።

«ፈረሰ» አለችኝ።

«አባባስ?»

«የአዳራሹን ግድግዳ እሳቸው ናቸው ያቆሙት። የሰፈሩ ግንበኛ ነዎት ተብለው ታዘዙ። ድንጋዩም ያው የራሳቸው ነው። እዚሁ ናቸው፣ ላቅርብልሽ።»

አባቴ ስልኩን ተቀበሉ።

«አባባ፣ አይዞዎት። ተገደው ነው» አልኳቸው።

«እሱስ ነው። ግድግዳውን ላጣምመው ሞክሬ ነበር፣ ልጄ። ውሎ አድሮ እንዲሰነጠቅባቸው ብዬ።»

«እሺ?»

«እጄ እምቢ አለኝ። ቀጥ ብሎ ቆመላቸው።»

አባቴ ሲያለቅሱ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም ማልቀሴ እንዳይታወቅብኝ ቶሎ ቶሎ አወራሁ፤ ወረቀቱ ሊያልቅ ነው፣ በቅርቡ አመጣዎታለሁ እያልኩ ዋሸኋቸው።

«የት እሄዳለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ግድግዳው ገና ይለሰናል፣ ድንጋዩ ይሸፈናል። እስከዚያ ድንጋዮቹን ልያቸው።»