አራት ጊዜ የጠበበ ሱሪ

ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ የኖረ ልብስ ሰፊ፣ በስተርጅና ሜትሩን በገዛ ወገቡ ጠምጥሞ መስታወት ፊት ይንጎራደድ ጀመር። በር አጠገብ ቁጭ ብላ ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ በሱ ፈንታ ታፍራለች።

"እየው፣ ስኳር እንዲህ ነው የሚሸነፈው!" ይላል ጎረቤቱን ጫማ ሰፊውን ጠርቶ። "ኪኒኑን ከተውኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ወገቤን እየው!"

"አንተማ ሙሽራ ሆነሃል!"

ጫማ ሰፊው ለማሞገስ ምን ቸገረው!

ሳሉስ? የጨርቅ ብናኝ ነዋ። ጠዋት ጠዋት አንሶላውን የሚያርሰው ላብስ? የብርድ ልብሱ ጥፋት። ሊቅ ስለሆነ ለሁሉም መልስ አለው። ሱሪው በወረደበት ቁጥር እያፏጨ ወገቡን ያጠብበዋል። አራት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጁ ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች፤ እሱ ከላይዋ ይስላል።

አንድ ቀን ሚስቱ ሱሪውን ለማጠብ ስትገለብጠው፣ ወገቡ ላይ አራት መስመር ስፌት አገኘች። በሦስት ወር አራት ጊዜ! ሳታጥበው በፌስታል ከታ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ነርሷ ጠረጴዛ ላይም ዘረጋችው።

ነርሷ ስፌቱን በጣቷ ተከተለች። "ይስላሉ እንዴ?"

"ወር ሊሞላው ነው። ትንሿ የልጅ ልጃችንም ሱቅ ውስጥ አብራው ነው የምትውለው።"

"ዛሬውኑ ይምጡ። ትንሿንም ይዛችኋት ኑ።"

እሱ ግን "አልሄድም" አለ። "ስወፍር ትጮሂያለሽ፣ ስቀጥን ትጮሂያለሽ!"

"ሱሪህን እስክትጠፋ አጥብበው። ልጅቷን ግን ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ አታያትም።"

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተከተላት።

አክታው ሲመረመር ሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ስኳሩም ጣራ ነክቷል።

"አባባ፣ የቀጠኑት ታመው ነው" አለች ነርሷ። "ሰውነታችን ጀርም የሚይዙ ወታደሮች አሉት። ስኳር በደም ሲበዛ ይደነዝዛሉ፤ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ የያዙትንም በደንብ አይገድሉም። ጀርሙ ምናልባት ድሮ ገብቶ ታፍኖ የኖረ ይሆናል። ኪኒኑን ሲተዉ ጠባቂዎቹን አደከሟቸው።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን፣ ጫማ ሰፊው?" አለች ሚስቱ።

ትንሿ ላይ በሽታው አልተገኘም፤ መከላከያ መድኃኒት ግን ታዘዘላት። በየቀኑ ፊቷን አጨማዳ ስትውጥ ሊቁ አያቷ የራሱንም፣ የነቀርሳውንም የስኳሩንም፣ ከሷ ጋር ቁጭ ብሎ ይውጥ ጀመር።

በአራተኛው ወር ሱሪው ጠበበው። የመጨረሻውን ስፌት ሲፈታ ክሩ ወጣ፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን ተደርድሮ ቀረ። ሚስቱ በካውያ ልታጠፋው ስትል፣

"ተይው፣ ይታይ" አላት።

ደግሞ በዚህ ሊኮራ ይሆን ብላ በጎን አየችው።