ለበርበሬ የተከራየው ክፍል

ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሱቅ ነበረው። እኔን ያገባኝ አገር ቤት፣ መስቃን ገጠር ነው። አዲስ አበባ ሌላ ሚስት ነበረችው፤ ልጆቹም ከእሷ ናቸው። እኔ አልወለድኩም። ያኔ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ ቡታጅራም ወደ መንገዱ ዳር እየሰፋች ነበር። እሱ እዚያ ቦታ ገዛና የተያያዙ ክፍሎች በአንድ ረድፍ አሠራ። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። የጫፉን ክፍል ለእኔ ተወልኝ፤ የቀሩትን አከራየ።

«አንቺ እዚህ ሆነሽ ቤቶቹን ታዪልኛለሽ» አለኝ። እኔም ከእናቴ የእንሰት ጓሮ ወጥቼ ከተማ ገባሁ።

ቤት ማየት ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያው ነው። በጋ ሲገባ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሳይደርስ እንደገና መመረግ አለበት። ለምርጊቱ ጭድ መግዛት፣ የግቢው ጉድጓድ ውሃ ስለማይበቃ በአህያ ማስመጣት፣ ጭቃው እስኪሸት ድረስ ማስቦካት የእኔ ሥራ ነበር። የቆርቆሮውን ሚስማር ፀሐይ ያላላዋል። የጉድጓዱ ገመድ ይበጠሳል። ሽንት ቤቱ ይሞላል። አገር ቤት ግድግዳ ሲመረግ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ይሰበሰብ ነበር፤ ጭቃው የሚያልቀው በሳቅና በወሬ መካከል ነው። ከተማ ግን በቀን ሒሳብ የሚቀጠር መራጊ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሠራ ይውልና ሲመሽ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ተከራዮቹም ቢሆኑ ደጄን የሚያንኳኩት አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነበር። ውሎ ሲያድር በሬ ሲንኳኳ ምን ተሰበረ ብዬ መነሣት ለመድኩ።

የከተማው ሞተር መብራት መስጠት ሲጀምር ባለቤቴ መጥቶ አስገባ። ክፍያው በአምፖል ቁጥር ስለነበር ወጪ ለመቀነስ አንድ ዘዴ አገኘ። በእኔና በጎረቤቴ ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር አስነደለና አምፖሉን እዚያ ቀዳዳ ላይ አንጠለጠለው። አንዱ አምፖል ለሁለት ክፍል አበራ። ማብሪያው በእኔ በኩል ነበር።

በዚያው ዓመት ከጎኔ ያለውን ክፍል አንዲት አስተማሪ ተከራየችው። ከጎጃም የመጣች፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ እንደኔው ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። በመጀመሪያው ጠዋት «እንደምን አደሩ?» ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። በእኛ ቋንቋ አንድን ሰው እንደ ብዙ አድርጎ መጥራት የለም፤ ያኔ ደግሞ አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነበር። እኔ አንቺ እላት ነበር፤ እሷ ግን የቤቱ ባለቤት ስለሆንኩ እርስዎ ማለቷን አልተወችም።

ማታ ማታ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም በቀዳዳው በኩል ድምጿ ይመጣል። አንዳንዱን ስህተት ጮክ ብላ አንብባ ብቻዋን ትስቃለች። እኔም ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ። ልተኛ ስል «መብራቱን ላጥፋው?» እላለሁ፤ «ትንሽ ይቆዩልኝ» ትለኛለች። እንቅልፍ እያዳፋኝም እቆይላት ነበር። ቀስ በቀስ ወሬ ጀመርን። ስለ እናቷ፣ ስለ ወንዛቸው፣ ቆጮ ለመልመድ ስለ መቸገሯ ትነግረኛለች። ቃል ስሳሳት ታርመኛለች። ብዙ ጊዜ ተያይተን ሳይሆን እንዲህ በግድግዳው ቀዳዳ ነበር የምናወራው።

አንድ የበልግ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። እኔ ጉድጓዱ ዘንድ ነበርኩ። ነፋሱ የአስተማሪዋን ክፍል ቆርቆሮ ከነማገሩ ገንጥሎ መንገዱ ላይ ጣለው፤ ወዲያው ዝናብ ተከተለ። እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። እየሮጥኩ ፍራሿን፣ መጻሕፍቷን፣ ልብሷን ወደ እኔ ክፍል አስገባሁ። ስትመጣ ጣሪያ የሌለው ክፍሏ መካከል ቆማ ሰማዩን አየች።

ለባለቤቴ በአውቶቡስ ሹፌር በኩል መልእክት ላክሁበት። ምላሹም በሹፌሩ በኩል መጣ፦ ለአረፋ ስመጣ አየዋለሁ፣ እስከዚያ ሌላ ቦታ ትፈልግ ነው ያለው። አረፋ ሩቅ ነበር። እሱን ሳልጠብቅ አናጢ ጠራሁ፤ የሰበሰብኩትንም ኪራይ ለባለቤቴ በመላክ ፈንታ እንጨትና ቆርቆሮ ገዛሁበት። አናጢው ሌላ ሥራ ስለያዘ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። እሷ እኔ ዘንድ አደረች፤ አብረን በላን፣ ፍራሾቻችንን ጎን ለጎን አነጠፍን። እሷ ስትጸልይ እኔ ዝም እላለሁ፤ እኔ ስሰግድ እሷ ደጅ ትወጣለች። ከተማ ከገባሁ ወዲህ በየቀኑ ለሁለት ሰው ምግብ ያቀረብኩት ያኔ ብቻ ነው። አናጢው ሳይመጣ በቀረበት ቀን አልቆጣም ነበር። ጣሪያው ሲያልቅ ፍራሿን መልሳ ወሰደች፤ እኔም ሥራውን ለማየት ወጥቼ ቆምኩ፣ ደስ ግን አላለኝም።

ክረምት ላይ ወደ አገሯ ተዛወረች። ዕቃዋ በጭነት መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ተመልሳ ጉንጬን ሳመችኝ።

«ደህና ሁኚ» አለችኝ። አንቺ ስትለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም።

ለአረፋ ባለቤቴ መጣ። እጁን ሳይታጠብ መጀመሪያ ቤቶቹን ዞረ። ግድግዳውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ አዲሱን ቆርቆሮ ከታች ሆኖ አየ፣ የጉድጓዱን ገመድ ሳበ። ላወጣሁት ገንዘብ አልተቆጣኝም፤ ሥራው ደህና ነው ብሎ አለፈ። ስለ እያንዳንዱ ክፍል ጠየቀኝ። ስለ እኔ ይጠይቀኛል ብዬ ምግቡ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከምግብ በኋላ የተናገረው ግን ባዶው ክፍል ተከራይ እንዳገኘ ነው፤ ከቆሼ ገበያ በርበሬ የሚያመጣ ነጋዴ ለመጋዘን ፈልጎታል።

«ሰው ይግባበት» አልኩት።

«በርበሬ ይሻላል። ውሃ አይደፋ፣ መብራት አይፈልግ፣ ግድግዳ አያቆሽሽ።»

«አያናግርማ።»

ምን እንዳልኩት ያልገባው ይመስል አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን አደረገ፤ ዘመዶቹ ዘንድ ይጠበቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው ከአህዮቹ ጋር መጣ፤ ጆንያው እስከ ጣሪያው ሥር ተደረደረ።

በርበሬው በቀዳዳው ወደ እኔ ይገባ ጀመር። ሳስነጥስ አድራለሁ፤ ዓይኔ ቀልቶ ስወጣ ተከራዮቹ ያለቀስኩ እየመሰላቸው ያልፉኛል። በመጨረሻ ጭቃ አቦክቼ፣ ሣጥን ላይ ቆሜ፣ ቀዳዳውን በእጄ ደፈንኩት። አምፖሉን ወደ እኔ ክፍል አዞርኩት። ያ ሁሉ ብርሃን ለእኔ ብቻ በዛብኝ፤ ማምሸቱን ትቼ በጊዜ መተኛት ጀመርኩ።

የነጋዴው ዓመት ሲያልቅ እንዲለቅ ነገርኩት። ባለቤቴን አላማከርኩም። ክፍሉን ለአንዲት ባሏ ለሞተባት፣ ጉልት ለምትቸረችር ሴት ሰጠሁ፤ ከነልጆቿ ገባች፣ ኪራዩንም ዝቅ አደረግሁላት። ባለቤቴ ሲሰማ ሰው ልኮ አልተሳደበም፣ አልከለከለም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ራሱ መምጣቱን ተወ፤ ኪራዩን ታናሽ ወንድሙ እየመጣ ይወስድ ጀመር።

ልጆቹ ሲገቡ ግቢው ይሞቃል ብዬ ነበር። ጫጫታቸው እውነትም ይሰማል፣ ግን እኔ ስወጣ ይቆማል። ኳሳቸው ግድግዳውን ሲነካ እናታቸው ደንግጣ ትወጣና ጭቃውን በእጇ ታብሳለች። ተይው፣ ጭቃ ነው፣ ይመረጋል እላታለሁ። «እሺ እትዬ፣ አይለመደንም» ትለኛለች፤ ዓይኗ ግን መሬት ነው። ገብታ እንድትቀመጥ ስጠራት እደጃፉ ላይ ቆማ ታመሰግነኛለች። ኪራይ እንደጨመርኩባት ልነግራት የጠራኋት ሳይመስላት አልቀረም። ፍራቻዋን ላስተዋት አልቻልኩም፤ ለእሷ የቤቱ ጌታ እኔው ነበርኩ።

በኋላ በእንሴኖ የገበያ ቀን በጠዋት አውቶቡስ ወደዚያ መሄድ ጀመርኩ። የምገዛው አልነበረኝም። አገር ቤት የማውቃቸው ሴቶች ቅቤና ቆጮ ይዘው የሚቀመጡበት ቦታ አለ፤ እዚያ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ጣሪያው አፈሰሰ የሚለኝ የለም። እናቴ እንዴት እንደሆነች፣ ማን እንደወለደች ይነግሩኛል። ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ሁሉም ዕቃውን ይሰበስባል፤ እኔ ባዶ እጄን ስለሆንኩ የምነሣው መጨረሻ ነው።