ግድግዳ ያስፈረሰው ፑል

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። «የፑል ቤቷ ልጅ» ነበርኩ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስይዝም፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም፣ ልጆቻቸው ከትምህርት የቀሩባቸው እናቶች በራችን ላይ ቆመው ሲራገሙም ያው ነበርኩ። አባቴ እህል ነጋዴ ቢሆን ምን ነበረበት እያልኩ ነው ያደግሁት።

ፑሉ በዕድሜ ይበልጠኛል። አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሆቴል ሲዘጋ ነው የገዛው። ከጣልያን ጊዜ የቀረ ነው ይሉታል፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እግሮቹ እንደ አንበሳ መዳፍ ተጠርበዋል፤ ከጨርቁ ሥር ያለው ደግሞ አንድ ወጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዴ ከተፈታ መልሶ የሚገጥመው ሰው በአገሩ ስለሌለ አባቴ ፑሉን ባዶ ቦታችን ላይ አቆመና ቤቱን በዙሪያው ገነባ። ሰው ቤት ሠርቶ ዕቃ ያስገባል፤ የእኔ አባት ዕቃ አቁሞ ቤት አለበሰው። አገር ሁሉ ይሥቅበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይሥቅ ነበር። እኔ ግን አልሥቅም ነበር።

ጨርቁ አንድ ጥጉ ላይ ሲቀደድ አባቴ ከነጭ ባና ብርድ ልብስ ቁራጭ ቆርጦ፣ አረንጓዴ አስነክሮ ሰፋበት። የበግ ጠጉር መሆኑን ኳስ መቼም አይረሳውም። እዚያ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ደንበኞቻችን ያንን ጥግ «ጓሳ» ብለው ሰየሙት፤ በአገራችን የጓሳ ሳር ውስጥ ገብታ የጠፋች ይመስላላ። እንግዳ ሰው ሲጫወት አይነግሩትም፤ ጓሳ እስኪገባላቸው አድፍጠው ይጠብቃሉ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መቁረብ። የንስሐ አባታችንን ቢያማክራቸው ወደ ፑሉ በመቋሚያቸው ጠቆሙ።

«ይህ የቁማር ዕቃ መሐል ቤትህ ተገትሮ እንዴት ሆኖ?»

«አባ፣ ቁማር የለም። በሻይ ነው የሚጫወቱት።»

«ሻዩንም ተው፣ ዕቃውንም አውጣ። ለፍልሰታ ቤትህ ጠርቶ ላግኘው።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። ፑሉ ገዢ ይፈለግለት ጀመር። እኔ ከአባቴ ይበልጥ ደስ አለኝ፤ ለነፍሱ ብዬ ሳይሆን ለስሜ ብዬ።

ሐምሌ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ከግሼ መጡ። አገራቸው ላይ ፑል ቤት ሊከፍቱ ነው። ታላቅየው ረጋ ያለ ሰው ነበር። መምቻውን ስቴካ ሳያነሣ አንዷን ኳስ በእጁ አንከባለላት፤ ሄዳ ከወዲያኛው የጠርዝ ጎማ ነጥራ፣ ሳትወላገድ እዚያው እጁ ላይ ተመለሰች። «ይህ ነው ፑል» አለ።

ታናሽየው ከኮቱ ውስጥ ባለ ቀለም ወረቀት አወጣ። አዲስ አበባ ሱቅ የሰጡት ነው፤ ከውጭ የመጣ ፑል ሥዕል አለበት። የአንበሳ መዳፍ አለው፣ ጠርዙ ላይ ሐረግ አለው፣ ያብረቀርቃል። «አዲስ ነው፤ ግን የድሮ አስመስለው ነው የሠሩት» አለ በኩራት።

አባቴ ከት ብሎ ሣቀ። «የድሮ የሚመስል አዲስ ከምትገዙ፣ የድሮውን ራሱን ብትወስዱ ምን ይላችኋል?»

«ይህ ድንጋይ ነው፤ ዘላለም አይጣመምም» አለ ታላቅየው ለወንድሙ።

«ያኛው ግን ጣውላ ስለሆነ ቀላል ነው፤ አራት ሰው ያነሣዋል። ደግሞ ጎረምሳ የሚመጣው ለድንጋዩ ነው እንዴ? ዐይኑ ለሚያየው ነው እንጂ» አለ ታናሽየው። ወዲያው ስቴካ አንሥቶ መታ። ኳሷ ጓሳ ገባች። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። የልጁ ፊት ቲማቲም መሰለ፤ በዚያች ቅጽበት ፑላችንን እንደጠላው አወቅሁ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። እኔ ብሆን ሥዕሉን ነበር የምገዛው። የእኛው ጠርዙን ሲጋራ ለብልቦታል፣ ጨርቁ ላይ የሻይ ካርታ ተስሏል። በሰርግ መሐል እንደ መጣ ድሃ ዘመድ ሆነብኝ።

አባቴ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ሊቋጭ ወጣና በግ አረደላቸው። እዚህ ላይ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው። በእኛ አገር በግ ታርዶለት፣ ጥብሱን በልቶ፣ አረቄውን ጠጥቶ «አልገዛም» የሚል አፍ የለም። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያላወቀው፣ «አልገዛም» ያላለ ሰው «እገዛለሁ» ማለቱም እንዳልሆነ ነው።

ከበሉ በኋላ ታናሽየው መውጫ ቀዳዳ ፈለገ። «አባባ፣ ይህ ዕቃ እኮ በዚህ በር አይወጣም።»

«ግድግዳውን አፈርሰዋለሁ።»

«ኧረ በክረምት እንዴት ተደርጎ! አይድከሙ።»

«ምን ድካም አለው? ድንጋይና ጭቃ ነው።»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። «እንግዲያስ እሺ» አለ ታላቅየው ዐይኑን ሰብሮ። «ፍልሰታ ሲገባ መኪና ይዘን እንመጣለን።» እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። አባቴ ቀብድ እንኳ አልጠየቃቸውም። እጃቸውን ይዞ እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው።

ፍልሰታ ሲገባ አባቴ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ማፍረስ ጀመረ። አንድ አንድ ድንጋይ እያወጣ በሥርዓት ይደረድራል። ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል፣ ጉሙ እንደ ቤተኛ ሰተት ብሎ ይገባል። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። አልጋዬ ከመንገድ ይታይ ነበር፤ የተጣፈው ብርድ ልብሴ፣ የተሰቀለው ቀሚሴ፣ ሁሉም። «ምን ነካችሁ?» ሲሉት አባቴ «ሰዎች ይመጣሉ» ይላል። የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ጋቢውን አስተካክሎ ይወጣል። መኪናው ሲያልፍ፣ ለመውጣቱ ሌላ ምክንያት እንደነበረው ሁሉ ሰማዩን ያያል። ሞባይል ገና ከእኛ ዘንድ አልደረሰም፤ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አንድ ሳምንት ሳይሞላ እንደማይመጡ አውቄ ነበር። ልነግረው ፈልጌ አፈርኩ፤ ያልመጡት እኔ የሆንኩ ይመስል።

የሚቆርብበት እሑድ ደረሰ። ቅዳሜ ዕለት «ባይመጡም ዕቃው ከቤት ይውጣ» አለና ጎረምሶቹን በደቦ ጠራ። ሲጫወቱበት የኖሩት ልጆች ናቸው። ከሥሩ አጠና አግብተው፣ እያቃሰቱ፣ በፈረሰው ግድግዳ አውጥተው ደጅ ዝናብ ላይ አቆሙት። ያለን ሸራ አንድ ብቻ ነበር፤ በፈረሰው ግድግዳ ላይ ማታ ማታ የምንዘረጋው። አንሥቼ ፑሉን ላልብሰው ብል አባቴ ከለከለኝ።

«ተይው። አንቺ እዚያ ጋ ነው የምትተኚው።»

እሑድ ጠዋት ቆረበ። ከቅዳሴ ስንመለስ ነጠላውን አፉ ላይ ሸፍኖ፣ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ እኔ ጃንጥላ ይዤለታለሁ። በእኛ ዘንድ የቆረበ ሰው ምራቁ እንዳይረጭ አፉን ሸፍኖ ይውላል፤ የእኔ አባት ደግሞ ሥርዓት ሲጠብቅ አጥብቆ ነውና እስኪመሽ ቃል ላይወጣው ቆርጧል።

ከደጃችን ስንደርስ አንድ አይሱዙ ከኋላችን መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው መንገዱን ስለሞላው ቆመ። በላዩ ከእግር እስከ ራሱ በአዲስ ሸራ የተጠቀለለ ነገር ተጭኗል፤ አንዱ ጥግ ተገልጦ የሚያብረቀርቅ የአንበሳ መዳፍ ይታያል። ጋቢናው ውስጥ ወንድማማቾቹ አሉ።

ታናሽየው አንገቱን ቀበረ። ታላቅየው ወረደ። የፈረሰውን ግድግዳ አየ፤ ዝናብ የሚደበድበውን ፑል አየ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ከዚያ የአባቴን የተሸፈነ አፍ አየ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የመጣውን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ቆርበዋል እንዴ፣ አባባ? እንኳን ለዚህ አበቃዎት! በሉ አይናገሩ፣ አይናገሩ» አለና ቸኩሎ ጉልበቱን ሳመው። «ወንድሜ ቀድሞ ለዚያኛው ቀብድ ሰጥቶ ኖሯል። በጉን በልተን ፊትዎ ላይ እንቢ ማለት ከበደን። እንግዲህ ይቅር ይበሉን።»

አባቴ እጁን በቀስታ አነሣ። ይቅርታ ይሁን፣ ቆይ ማለት ይሁን አልታወቀም። ሰውዬው ግን «ይኸው፣ ይቅር ብለውናል» ብሎ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ተናገረና ተመልሶ ተሳፈረ። እኔ አልቆረብኩ፤ አፍ ነበረኝ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየን፣ ጃንጥላውን በአባቴ ፊት ዝቅ አድርጌ ከለልኩት፤ መኪናው ሄደ።

ማታ አባቴ ነጠላውን ከአፉ አወረደ። ቀኑን ሙሉ የሚለውን ሳዘጋጅለት ነው የዋልኩት፤ እርግማኑን፣ ክሱን፣ ሽማግሌ መላኩን።

«ዕቃቸውን ሸራ አልብሰውታል፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ አልብሰውታል።»

«ደግ አደረጉ» አለ። ከልቡ ነበር፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።