ራዚያ ላይ የሚጫረት ጠፋ

ሐይቅ ከተማ መጥቶ ዓሣ የበላ ሰው ራዚያን ያውቃታል። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት አለቻት፤ በሯ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያችው በር ላይ። "ትኩስ ነው?" ካላችኋት "አይ፣ ትናንት ሞቶ ዛሬ ቀብረነው ነው!" ትላለች። ምላሷ እንዲህ ነው። ዓምና ግን ያ ምላስ ጠፋ፤ ዘይቱ ሲያር ቆማ ታየዋለች።

ቤቷ የአባቷ ውርስ ናት። ሐቢብ የሚባል በአባት የምትገናኘው ወንድም አላት፣ ኮምቦልቻ ነው የሚኖር። አባታቸው ሲታመሙ አንድ ቀን ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ ብርቱካኑን ራሱ ልጦ በልቶ የሄደ ሰው ነው። እሱ "ድርሻዬን" ብሎ ከሰሳት። ሁለት ክፍል ቤት እንዴት ይቆረሳል? ፍርድ ቤቱ "በሐራጅ ይሸጥና እኩል ይካፈሉ፤ እሷም መጫረት ትችላለች" አለ። መነሻው አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ። ካሸነፈች የተጠራውን ግማሽ ለሐቢብ ትሰጣለች ማለት ነው። ልጇ ሉብና ከሳውዲ የላከችው፣ የጆሮ ወርቋ፣ ላሟ፣ ሁሉም ተጨምቆ እስከ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብቻ ያስጠራታል። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው አሥር ሺህ ቢጨምር፣ ቤቱም በሩም ሄደ።

ሰፈሩ ሸኽ ሙነወር ግቢ ተሰበሰበ። የሸኹ ንግግር ግማሹ ሳል ነው። "የራዚያን ቤት… እህም… ከኛ መሀል የሚጫረት የለም። እህ… ማሉ!" እስላሙ በወላሂ፣ ክርስቲያኑ በማርያም ማለ። አናጢው ታረቀኝማ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ማለ። ይሄም አልበቃን። ቤቱን ሊያይ እንግዳ ሲመጣ፣ "ግድግዳውን ምስጥ ጨርሶታል፣ በክረምት ውሃ ይገባዋል" እያልን ሸኘን። እኔ ራሴ አንዱን "ማታ ማታ ጅብ ያድርበታል" ብዬ ከባጃጅ ሳይወርድ መልሼዋለሁ።

ቀኑ ደረሰ። የፍርድ ቤቱ ግቢ በሰው ሞልቷል። ራዚያ ከንፈሯ ደርቆ፣ ለመያዣ ከባንክ ያሠራችውን ወረቀት በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ቆማለች። ሐራጅ የሚጠራው ልጅ በአፍንጫው ነው የሚያወራው፣ ጉንፋን የማይለቀው ይመስላል።

"የተመዘገበ ተጫራች፣ አንድ። ሌላስ?"

እኛ እርስ በርሳችን እየተያየን እንሳሳቃለን። ያሸነፍን መስሎናል።

"ሌላ ከሌለ ሐራጁ አይካሄድም።"

"እንዴ! ለምን?" አለች ራዚያ።

"አንድ ሰው ከማን ጋር ይጫረታል፣ እናቴ? ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፤ ማስታወቂያው ደሴም ኮምቦልቻም ይለጠፋል። ምዝገባ የሚዘጋው አምስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ሁለተኛ ሰው ከመጣ እንቀጥላለን።"

ሳቃችን እዚያው ቀረ። ደሴ ተለጠፈ ማለት ባለ ገንዘቡ ሁሉ መጣ ማለት ነው። ዝናው የሚባለው ደላላ በሩን ተደግፎ፣ "በወሩ ያገናኘን እንግዲህ" እያለ ስልኩን ይነካካል። አራት ሰዓት ሊሆን ነው።

ራዚያ ወደኛ ዞረች። "ጎረቤቶቼ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ አንድ ሰው ይጫረትብኝ!"

ምኑን! ሁሉም ምሏል። ደግሞ መያዣው ሦስት መቶ ሺህ ነው፤ ያን ያህል ባንክ ያለው ታረቀኝ ብቻ ነው፣ ለእንጨት መላጊያ ማሽን ያጠራቀመው።

"አያ ታረቀኝ፣ ተጫረትብኝ።"

"አንቺ! በማርያም ምዬ የለም እንዴ? ሁለቴ!"

"ማን ሁለቴ ማል አለህ!"

ሸኹ ገቡ። "መሐላው… እህም… እንዳትቀማት ነው። አሁን ዝም ካልክ… እህ… ነው የምትቀማት። ሂድ!"

"ሸኽ፣ የኔ ማርያም በርስዎ ይፈታል?"

"ለንስሐ አባትህ እኔ እነግርልሃለሁ፤ ሩጥ!"

ሮጠ። ባንኩ ሰልፍ ቢኖረውስ? "ሲስተም የለም" ቢሉትስ? ራዚያ በሩን እያየች ጣቷን ትነክሳለች። "አብሽሪ" እንላታለን፣ እኛ ራሳችን እርግጠኛ ሳንሆን። ለአምስት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ታረቀኝ ወረቀቱን እያውለበለበ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ ደረሰ።

ተጀመረ። ራዚያ መነሻውን ጠራች። ታረቀኝ "አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ" አለ። ራዚያ "ሦስት መቶ።" እዚህ ላይ ዝም ሊል ነበር የተስማሙት፤ ዝምም አለ። ልጁ መነጽሩን ዝቅ አደረገና፣ "አቶ ታረቀኝ፣ ለይምሰል ከሆነ የመጡት እሰርዘዋለሁ" አለ።

ታረቀኝ ላቡን ጠረገ። በአጥሩ ላይ አስፋልቱን አየት አደረገ። "ሦስት መቶ… ሃምሳ።"

ከኋላዬ ሚስቱ ተሾመች "እሰይ!" አለችና አፏን ያዘች። አስፋልት ዳር ሱቅ ቢኖረን እያለች ስንት ዓመት ነዝንዛዋለች! ራዚያም ሰማች። ታረቀኝን አየችው፤ እሱ መሬት ያያል።

"አራት መቶ" አለች። ድምጿ አልወጣም፤ ልጁ አስደገማት። ያላት አለቀ።

"አንድ ጊዜ… ሁለት ጊዜ… አቶ ታረቀኝ?"

የታረቀኝ አፍ ተከፈተ። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተከፈተ። ግቢው ውስጥ የሚያስል እንኳን ጠፋ፣ ሸኹም ጭምር። ከዚያ ተዘጋ።

"ሦስት ጊዜ! ተሽጧል!"

ሰዉ እልል አለ። ራዚያ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አለች፤ ሁለት ሴቶች ነን ደግፈን ያነሳናት።

ይሄው ዛሬም ቤቷ ውስጥ ናት፣ ትጠብሳለች። ታረቀኝ ወደ ሥራው ሲያልፍ ትጠራውና ያለ ገንዘብ ዓሣ ትጠቀልልለታለች፤ ሁልጊዜም ትጠይቀዋለች።

"አያ ታረቀኝ፣ ያን ቀን አፍህን ከፍተህ ምን ልትል ነበር?"

"ልተነፍስ ነዋ።"

እሷም "እሺ" ትለዋለች፣ ማዕዘኑን እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ እየሸኘችው።